የእንግሊዟ እጀታ

ቱሉ ዲምቱ ላይ የወይራ ፍቅፋቂ ማሽተት ብርቅ ሆኗል። ከአደባባዩ ወደ ኮንዶሚኒየሙ በሚያስገባው መንገድ ዳር የተደረደሩት የእንጨት ሥራ ቤቶች እንጀራቸው ኤምዲኤፍና ቺፑድ ነው፤ ከመጋዛቸው የሚወጣው ብናኝ ሙጫ ሙጫ ይላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ባለፈው ጥቅምት ግን ከአንዱ ቤት ደጃፍ አንድ ወጣት የወይራ ጉማጅ ሞርሳ ላይ ጠፍሮ ዘነዘና ሲጠርብ ደረስኩ። ለአንድ የባህል ምግብ ቤት እንደታዘዘና ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል ነገረኝ። ወቃጭ ለሌለው ዘነዘና ወይራ ምን እንደሚያደርግለት አልጠየቅሁትም፤ ሽታው ይዞኝ ነበር። ቅባት ቅባት የሚል፣ መረር ያለ፣ ውስጥ ውስጡን ደግሞ ማር የነካው ሽታ ነው። እኔ የማውቀው ከመሣሪያ ዘይትና ከቀለጠ ሰም ጋር ተደባልቆ ነው። ሦስቱ ባንድነት የሚሸቱት ደግሞ አያቴ ሽጉጡን ከአፎቷ ባወጣ ጊዜ ነበር።

አባባ «እንግሊዟ» ይላት ነበር። እማማ ሲከፋት «ጣውንቴ» ትላታለች። ከመደቡ በላይ፣ ምሰሶው ላይ ከተመታው የቀንድ መስቀያ በቆዳ አፎቷ ተንጠልጥላ ትውላለች፤ አልፎ አልፎ ትወርዳለች፣ ትወለወላለች፣ ትመለሳለች። እኛን ልጆቹን ከጨዋታ የሚያስጥለን እሱ ሲከፍታት ማየት ነው። በአውራ ጣቱ ከጎኗ ያለችውን ምላስ ሲጫን አፈሙዟ ወደ መሬት ይሰበራል፤ ስድስቱ ጉድጓዶች አፋቸውን ከፍተው ይታያሉ፤ ከመካከላቸው አንዲት ኮከብ መሳይ ብረት ብድግ ብላ ቦታዋ ትመለሳለች። ቀለሃ ሲኖር ስድስቱንም ባንዴ የምትተፋው እሷ ናት። ጥይቶቹ ለየብቻቸው፣ እማማ ጨው ታስቀምጥበት በነበረ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ነበሩ። ስንት እንደሆኑ አባባ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። የጥይት ቁጥር የሚናገር ሰው ቂል ነው ይል ነበር።

ዌብሊ ማርክ 6 እንደምትባል ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የበርሚንግሃም ሥራ ናት፤ የእንግሊዝ ጦር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1915 የተቀበላት ስድስት ጎራሽ። ባዶዋን ከአንድ ኪሎ ታልፋለች። አፈሙዟ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ ጥይቷ ከ11 ሚሊ ሜትር በላይ ትወፍራለች። ከእሷ በፊት የነበሩት ታላላቆቿ የእጀታቸው ግርጌ ክብ ነበር፤ ማርክ 6 ላይ ሲደርስ አራት ማዕዘን አደረጉት። ጓንት ያጠለቀ ሰፊ መዳፍ አጥብቆ እንዲይዛት ታስቦ ይሆናል። ያም ሆነ ይህ ያቺ ማዕዘን ከአርባ ዓመት በኋላ ቱሉ ዲምቱ ላይ የአንድ ገበሬ መዳፍ እንደምትወጋ በርሚንግሃም ውስጥ ያሰበ አልነበረም።

ከየት እንዳመጣት ሲጠየቅ መልሱ እንደ ጠያቂው ይለያያል። ለንስሐ አባቱ ስጦታ ናት፤ ለእኛ ለልጆቹ የጀብዱ ምርኮ ናት፤ እማማ ፊት ከሆነ ደግሞ ዝም ይላል። እሷ እንደምትለው እንግሊዞቹ በገቡበት ሰሞን የተገራች፣ ግራጫ በቅሎ ሰጥቶ ነው የወሰዳት። ታሪኩ ከቦታው ጋር ይገጥማል። በጄኔራል ካኒንግሃም የሚመራው ጦር በመጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ከአዋሽ ወዲህ በናዝሬት፣ በሞጆ፣ በደብረ ዘይት በኩል አቃቂን አቋርጦ ነውና፣ መኪናው ሁሉ በእኛ ደጃፍ አልፏል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን እስኪገቡ ድረስ መንገዱ ላይ የማይሸጥ የማይለወጥ ነገር አልነበረም ይላሉ የነበሩ ሰዎች። እማማ ያቺን በቅሎ እስክታርፍ ድረስ በስሟ ስትጠራት ስለኖረች እኔ የማምነው የበቅሎዋን ታሪክ ነው።

የአባባ ቀኝ እጅ ሙሉ አልነበረም። ሐምሌ 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ሊያስለቅቁ በየአቅጣጫው ሲገቡ እሱም ነበረበት፤ የጣሊያን ጥይት መዳፉን በስቶ ወጣ። ቁስሉ ዳነ፤ ቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ግን ወደ ውስጥ እንደታጠፉ ደርቀው ቀሩ። እርፍ ይይዝበታል፣ በትር ይይዝበታል፣ ጠላ ይጠጣበታል። እንግሊዟን ለመያዝ ሲሆን ነው ነገሩ የሚበላሽበት። የደረቁት ጣቶቹ የእጀታውን ግርጌ መዞር ስለማይችሉ ያቺ የብረት ማዕዘን ተረከዟን ቀጥ አድርጋ ጠባሳው ላይ ታሳርፋለች። ጠመንጃ ቢሆን ሰደፉን ትከሻ ይሸከመዋል፤ ሽጉጥ ከመዳፍ ሌላ ዘመድ የላትም። ሲተኩስባት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባት። ከምላጩ ቀለበት በስተጀርባ፣ የመሃል ጣት በሚያርፍበት፣ ባዶ ቦታ አለ፤ ጥይቷ ስትወጣ አፈሙዙ ብድግ ሲል ያ ቀለበት ወርዶ የጣቱን አንጓ ይቀጠቅጠዋል። በአንድ የጥምቀት ማግስት ጣቱ አብጦ እርፍ መያዝ አቅቶት እንደነበር እማማ በደስታ ትናገራለች።

ያኔ ቱሉ ዲምቱ ማለት መረሬ መሬት ነው። በክረምት ጫማ ያስቀራል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ የበግ ግልገል እግር ይሰብራል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ጓያና ሽምብራ፤ በመካከሉ ወደ አሰብ የሚወርዱ ተሳቢዎች ጥቁር ጭስ። ጎረቤቶቻችን ኦሮሞዎች ነበሩ፤ አባባ ከእነሱ ጋር ሲጫወት ቋንቋውን የሚለውጠው መሃል ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፣ ለእኛም ያ ቋንቋ እንደ ሌላው ነገር ሁሉ የቤት ነበር። ብረት ነክ ጉዳይ ሲኖር ግን ወደ አቃቂ ነው የሚኬደው። አቃቂ ፋብሪካ ነበረች። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሳይደርስ በፊት አቃቂ ደርሷል፤ ከዚያ በኋላ ጨርቃ ጨርቁም፣ ብረታ ብረቱም ሐዲዱን ተከትሎ ተሰበሰበ። የፈረቃው ጩኸት እኛ ሰፈር ድረስ ይሰማ ስለነበር እማማ ሽሮ የምትጥደው በእሱ ነበር።

ባለቶርኖው ከጣቢያው ጀርባ ይኖራል። ከፋብሪካዎቹ በአንዱ ቶርኖ ላይ የሚሠራ፣ ሙያውን ከጦርነቱ በኋላ አገራችን ከቀረ ጣሊያናዊ የቀሰመ፣ ቀጠን ያለ፣ ሲያወራ ዓይኑን ከእጁ የማያነሳ ሰው። በጓሮው በቆርቆሮ የተከደነች ጎጆ ነበረችው፤ ውስጧ አንድ ሞርሳ፣ ከሐዲድ ቁራጭ የተሠራ መስፍ፣ ግድግዳው ላይ እንደየቁመታቸው የተሰለፉ ሞረዶች። ፋብሪካው በተዘጋ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አባባ እንግሊዟን በነጠላ ጠቅልሎ፣ እኔን አስከትሎ ሄደ። ለምን እንዳስከተለኝ አሁን ይገባኛል፤ ሽማግሌ ከልጅ ጋር ሲሄድ ማንም ነጠላውን አይጠረጥርም።

ባለቶርኖው መጀመሪያ የተመለከተው ሽጉጡን አልነበረም። «እጅዎን ያምጡ እስቲ አባባ» አለና መዳፉን ገልብጦ፣ የደረቁትን ጣቶች አንድ በአንድ ነካክቶ፣ ጠባሳውን በአውራ ጣቱ ተጫነ። ወጌሻ እንጂ የብረት ሠራተኛ አይመስልም ነበር። ከዚያ በካቻቪቴ የእጀታዋን ቪቴ ፈታ። አንዲት ቪቴ ብቻ ናት። ሁለቱ ጥቁር ጎማ መሳይ ልባሶች ወለቁና እንግሊዟ ባጥንቷ ቀረች። ውስጧ ክፍት ነው፤ በመካከሉ የታጠፈ ጠፍጣፋ ብረት ተወጥሮ ይታያል።

«ይኼውልዎ፣ ይቺ ባሌስትራዋ ናት። መቺውን የምታስፈነጥረው እሷ ናት። ወደ ውስጥ አልፌ ከሞረድኩ ቤቷን ነው የማፈርሰው።»

«እንግዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

«ከዚህች ከኋላ ማዕዘኗ ጥፍር ታህል ባነሳላት አትቀየመንም። የቀረውን እንጨቱ ይሠራዋል።»

አባባ ትንሽ አሰበ። «ብረቷን ስትነካ ግን እኔ ፊት ነው» አለ።

ከዚያ የሆነውን ዛሬም እጅ በእጅ አስታውሰዋለሁ። ባሌስትራዋን በጨርቅ ሸፈናት። በጣሳ ያቀለጠው ሰም ረጋ ሲል በእጁ እያሸ፣ ባዶው ብረት ዙሪያ ለጠፈው፤ ከምላጩ ቀለበት ኋላ ያለውን ክፍተት በተለይ በአውራ ጣት ውፍረት ሞላው። ሽጉጧን ወደ ግድግዳው አዙሮ ለአባባ ሰጠውና «ዓይንዎን ይጨፍኑና ልክ እንደ ተኳሽ አድርገው ይያዟት» አለ።

«ነኝ እኮ!» አለ አባባ ተቆጥቶ። ግን ጨፈነ።

ሲለቃት ሰሙ ላይ እጁ ቀርቶ ነበር። ሦስቱ ደህና ጣቶች ጥልቅ ብለው ገብተዋል፤ የሁለቱ ደረቆች ቦታ ወደ ጎን ያጋደለ ጎድጓዳ ሆኖ ወጥቷል፤ ጠባሳው ያረፈበት ላይ ሳይቀር የቆዳው መጨማደድ ይነበባል። ባለቶርኖው ያንን ሰም ለረጅም ጊዜ አገላብጦ አየው። እኔ ደግሞ የአባባን እጅ ከዚያ በፊት አይቼው እንደማላውቅ ተሰማኝ።

እንጨቱን አባባ ራሱ ነው ያመጣው፤ ከተሰበረ ድግር የተቆረጠ፣ ስንት ክረምት አፈር የገላለጠ ወይራ። ኋላ ይህን የሰሙት የንስሐ አባታችን፣ ኢሳይያስ የተነበየው ሌላ አንተ የሠራኸው ሌላ፣ ድግርህን ሽጉጥ አደረግከው ብለው ገሥጸውታል። ባለቶርኖው ድግሩን ለሁለት ሰነጠቀውና በራስፓ ቅርጽ አስያዘው። ቀጥሎ የመጣው ሥራ ነው የገረመኝ። ኩራዝ ለኩሶ የሽጉጧን ጎን ነበልባሉ ጫፍ ላይ ያዘው፤ ብረቱ ጥላሸት ለበሰ። እንጨቱን ተጭኖት ሲያነሳው ብረት የነካው ቦታ ብቻ ጠቁሯል። ያንን ጥቁር ብቻ በሞረድ ያነሳል፣ መልሶ ያጠቁራል፣ መልሶ ይጫናል፣ መልሶ ያነሳል። መጀመሪያ ነጠብጣብ ነበር፤ ነጠብጣቡ እየሰፋ፣ እየተገናኘ ሄደ። የእንጨቱ ውስጠኛ ፊት እኩል ሲጠቁር «አሁን ተጋቡ» አለ። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ የተልባ ዘይት ቀባው። ወይራው ዘይቱን ሲጠጣ የወጣው ሽታ ነው እስከ ጥቅምት ድረስ የት እንዳለ ሳላውቀው የኖረው።

ማዕዘኗን የቆረጣት መጨረሻ ላይ ነው፤ አባባ ፊት፣ በጥሩ ሞረድ፣ ቀስ እያለ። የብረቱ ጥቁር ቀለም ተገፎ ነጭ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ያ ነጭ ቦታ ዝገት እንዳይዘው አባባ የሚቀባው ዘይት እማማ ለፀጉሯ ከምትቀባው ቅቤ ይበልጥ ነበር፤ ይህንንም ያለችው እሷ ናት። ባለቶርኖው ብር አልቀበልም አለ። አንድ ቁና ሽምብራ ተላከለት።

መሣሪያን ለእጅ ማላመድ አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን የጎራዴና የሾተል እጀታ ከአውራሪስ ቀንድ ያስቀርጹ ነበር፤ ቀንዱ በላብ ስለማያንሸራትት፣ ደግሞም ስለሚያምር። ጠመንጃው ግን ሁሉ የተለካው በሌላ ሰው ነው፤ ስናድሩ በእንግሊዝ፣ ውጅግራው በፈረንሣይ፣ ቤልጅጉ ስሙ እንደሚለው። ይዘውት የዘመቱት እጆች የማንም መሐንዲስ ወረቀት ላይ አልነበሩም። ሰደፉን በጥሬ ቆዳ ጠቅልሎ፣ በሽቦ አስሮ፣ ቆርጦ ቀጥሎ የራስ ማድረግ እንጂ ሌላ ምርጫ አልነበረም። አባባ ማታ ማታ እንግሊዟን ጭኑ ላይ አድርጎ የመቅደላን ታሪክ ይነግረን ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን የሰዉባት ሽጉጥ ንግሥት ቪክቶሪያ ለቆንስል ፕላውደን ስላደረጉት በጎነት በምስጋና የላኩላቸው ነበረች። ሌላው ተራኪ እዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ አባባ ደግሞ የባለቶርኖውን ቤት ካወቀ በኋላ ታሪኩን የሚጨርሰው በጥያቄ ነበር። «እጀታዋስ ተስማምቷቸው ይሆን?»

ፈረንጆቹም ቢሆኑ የራሳቸውን ሥራ ይቀይሩ ነበር። ኮልት ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ፊትዝጄራልድ የሚባል ሰው በ1920ዎቹ፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ የትልልቅ ሽጉጦችን የምላጭ ቀለበት ፊቱን ቆርጦ ይጥል፣ የመቺውን ጆሮ ይቀንስ፣ የእጀታውን ግርጌ አሳጥሮ ያከብብ ነበር፤ ኪስ ውስጥ እንዲገባና ሲወጣ እንዳይያዝ። የእሱ ሥራዎች ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ በውድ ይፈለጋሉ። ጄኔራል ፓተን የኮልቱን እጀታ በዝሆን ጥርስ ማስለበሱም ይወራል፤ ያ ግን ጌጥ ነው። ከሁለቱ ለአቃቂው ሰው የሚቀርበው ፊትዝጄራልድ ነው፤ ልዩነቱ ፊትዝጄራልድ አንዱን መንገድ ለሁሉም ሲሠራ የእኛው ሰው ከአንድ እጅ ሌላ አለማሰቡ ነው። ብዙ ቆይቶ እንዳነበብኩት ከቀለበቱ ኋላ ያለውን ክፍተት የሚሞላ ትንሽ ድጋፍ አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ በሱቅ ይሸጥ ነበር። ባለቶርኖው ይህን ሰምቶ ያውቃል ብዬ አላምንም። ያበጠች የጣት አንጓ አሳየችው፣ በቃ።

እንግሊዟ በአዲስ እጀታዋ ስትተኮስ ያየሁት በአንድ ቀብር ላይ ነው። የሞተው የአባባ የዱር ጓደኛ ነበር፤ አርበኛ ሲቀበር ሳይተኮስ አይቀበርም ነበርና ሽማግሌዎቹ በየወገኑ ቆመው ወደ ሰማይ ለቀቁት። አባባ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ነው የተኮሰው። ድምፁ ከሌሎቹ ይወፍራል፤ ጥይቷ ከባድና ዘገምተኛ ስለሆነች እንደ ጠመንጃ አትሰነጥቅም፣ ታገሳለች። አፈሙዟ ብድግ አለች፣ ተመለሰች። ሁሉም ወደ አስከሬኑ ሲመለከት አባባ ሽጉጧን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ ቀኝ መዳፉን ዘርግቶ እያየ ነበር። አጣመመ፣ ዘረጋ፣ አጣመመ። ከለቀስተኛው መሃል ባለቶርኖው በአገጩ «እንዴት ነች?» ሲለው አየሁት። አባባ በዓይኑ ብቻ መለሰ። እማማ ሁለቱንም አይታቸው ኖሮ ቤት ስንገባ፣ የሰው ሬሳ ፊት ጣት ይቆጠራል ወይ ብላ እራት አላቀርብም አለች።

መጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ በአሰሳ ስትታመስ ወሬው ቀድሞ ደረሰን። ቤት ለቤት ፍተሻ ነው፤ መሣሪያ የተገኘበት ወዮለት። ከተማው ውስጥ ሰዎች ሽጉጥ ሽንት ቤት እየጣሉ፣ ወንዝ እየወረወሩ ነው ተባለ። እኛ ዘንድ ገና የገበሬ ማኅበር ነበር፤ ቢሆንም አባባ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። አንድ ማታ በር አስዘግቶ፣ ኩራዙን አስጠግቶ፣ ቪቴዋን በራሱ እጅ ፈታ። ሁለቱን ወይራዎች ለእማማ ሰጣትና እሷም አንዲት ቃል ሳትናገር በበርበሬ ማሰሮ ውስጥ ቀበረቻቸው። ከሣጥኑ ሥር ጨርቅ ውስጥ የኖሩት የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ልባሶች ተመለሱ። ልክ አልመጡም። ብረቱ ክብ ሆኗል፣ ጎማው ግን ማዕዘኑን እንደያዘ ነው፤ ከግርጌ በኩል ጥፍር ታህል ወጣ ብሎ ይታያል።

ጠዋት አብሬው ሄድኩ። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚበልጥ ልጅ ነበር። ሽጉጧን አገላበጣት፤ ወጣ ያለውን ጎማ በጥፍሩ ነካው።

«ምን ሆና ነው ብረቷ የተበላው?»

«አርጅታ ነው ልጄ» አለ አባባ።

የበቅሎዋን ነገር ካልቆጠርነው አባባ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ልጁ በካርቦን ደረሰኝ ጻፈለት፦ አንድ ሽጉጥ፣ አሮጌ። ደረሰኙን እማማ ከክርስትና ካርዶቻችን ጋር አስቀምጣው ነበር። የጥይቱን ጣሳ አባባ ምን እንዳደረገው እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ ቁጥሩንም እንደደበቀ ሄደ። ወይራዎቹ ከበርበሬው ሲወጡ ቀይ ብናኝ በደም ሥራቸው ገብቶ ነበር። እማማ እጀታዎቹን ለአባባ እያቀበለች «ጣውንቴ ሄደች፣ ጫማዋን ግን ረስታዋለች» አለች። ሳቀ። ለብዙ ጊዜ ያልሳቀው ሳቅ ነበር።

ደርግ ሳይወድቅ አረፈ። በቀብሩ ላይ የሚተኩስ አልነበረም፤ ያለውም አልደፈረም። ከዚያ በፊት ግን፣ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ሁለቱን እንጨቶች በክር አስሮ እንደ መቁጠሪያ በእጁ ይዟቸው ይቀመጥ ነበር። ሰው ሲመጣ ኪሱ ይከታቸዋል።

መሬቱ ለልማት ሲፈለግ ቤተሰቡ ተነሣ። በዚያ ግርግር የግራው ወይራ ጠፋ፤ እህቴ የጫነው ልጅ ጣለው ትላለች፣ እኔ ቀደም ብሎ ጠፍቷል እላለሁ፣ አንስማማም። የካሳውን ጉዳይ እዚህ አላነሳም፤ እሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ ሌላ ሆድም ይፈልጋል። የቤታችን ምሰሶ የቆመበት ቦታ ዛሬ የአንድ ሕንፃ መኪና ማቆሚያ ነው። ከዚያ ቆሞ ወደ ደቡብ ላየ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄደው የአዳማ ፈጣን መንገድ ሲጀምር ይታያል፤ ተሳቢዎቹ ዛሬም አሉ፣ ክፍያ ለመክፈል ተሰልፈው። ባቡሩ በእንዶዴ በኩል በኤሌክትሪክ ስለሚያልፍ ጭስ የለውም። ሽምብራው የት እንደሄደ ያየ የለም።

የቀኙ ወይራ እኔ ዘንድ ነው፤ ከመነጽሬና ከባንክ ደብተሬ ጋር መሳቢያ ውስጥ። ጠበቃ የሆነ ጎረቤቴ አይቶት፣ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የመሣሪያ አካል ይዘሃል ብሎ ሊያስደነግጠኝ ሞከረ፤ ቡና እስኪፈላ ተከራከርን። ከዘነዘናው ወጣት ደጃፍ በተመለስኩበት ማታ ከመሳቢያው አወጣሁትና ያዝኩት። ይህን ያደረግሁት ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም፤ ሁልጊዜም የሚሆነው ያው ነው። ሦስቱ ጣቶቼ ቦታቸውን ያገኛሉ። ቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ግን መቀመጫ ያጣሉ፤ ያጋደለው ጎድጓዳ ይገፋቸዋል፣ ጥቂት ከቆየሁ የእጄ ጎን ይደነዝዛል። ለአባባ ያን ያህል የተመቸው ነገር ለእኔ ይቆረቁረኛል፤ ለልጄም ይቆረቁራታል፣ ሞክራዋለች። የእርሱ ሁለት ጣቶች እንዴት እንደደረቁ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ቤታችን የለም። ያ ጎድጓዳ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም የሚነበበው በመቆርቆሩ ነው።

እንግሊዟ የት እንደደረሰች የሚያውቅ የለም። በዚያ ሰሞን የተሰበሰበው መሣሪያ ከመጋዘን መጋዘን ዞሯል፤ ከፊሉም ሳይቀልጥ አይቀርም። ካልቀለጠች፣ አንድ ቀን ከአንድ ሰው እጅ ከገባች፣ ጥቁሩ ጎማ ከብረቷ ግርጌ ጥፍር ታህል ወጥቶ ያገኘዋል። ተበልታ ነው ብሎ በብየዳ እንዳይሞላት። አልተበላችም፤ በጥሩ ሞረድ፣ ባለቤቷ ፊት፣ በአንድ ቁና ሽምብራ የተሠራች ናት።